የመኪናው ጥላ

በኅዳር ወር አብርሃ ጅራ በሰው ትሞላለች። ሰሊጡን ያጨዱት ሳሉጎች ከየእርሻው ካምፕ ወጥተው፣ የወራት ላባቸውን በኪሳቸው ይዘው፣ ወደ ደጋው ከመመለሳቸው በፊት ሦስት ነገር ያደርጋሉ፤ ጸጉራቸውን ይስተካከላሉ፣ አዲስ ልብስ ይገዛሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። እኔ የሦስተኛው ነገር ባለሙያ ነበርኩ።

አብዛኞቹ ከአበባውና ከፏፏቴው መጋረጃ ይልቅ መኪና ይመርጡ ነበር። ስለዚህ በ2006 ዓ.ም. ትልቁ ጭንቀቴ የፎቶ ማሳመሪያ ፕሮግራም መምረጥ ሆነ። ስመ ጥሩው ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ሲወጣ አንድ ጊዜ ከፍለው የሚገዙት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ግን አዲሶቹ እትሞቹ እንደ ቤት የሚከራዩ ሆኑ። ኪራዩም በዶላር። የአርማጭሆ ፎቶ ቤት ይህን ከየት ያመጣል? እንደ ብዙዎቹ በፍላሽ የተገለበጠውን ሞከርኩ፤ አብሮት የገባው ቫይረስ የአንድ ወር የደንበኞቼን ፎቶ በላብኝ። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠሩም አሉ፤ ኔትወርክ ከሌለ እነርሱም የሉም። በመጨረሻ ጊምፕን አገኘሁ፤ ሁለት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ለሕዝብ የቀረበ፣ በነጻ የሚሰጥ። ያረጀችውን ኮምፒውተሬንም አላስጨነቃትም።

መኪናን በፎቶ ላይ መለወጥ ቀላል ይመስላል። ታርጋ መሰረዝ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከባዱ ጥላው ነው፤ ከጎማው ሥር ጥላ ካልተኛ መኪናው በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያም የሚብስ አለ፤ መኪና መስታወት ነው። ሰማዩም፣ መንገዱም፣ አጠገቡ የቆመው ሰውም በሩ ላይ ይታያሉ። ሰውየው በሩ ላይ ካልታየ ያልተማረ ዓይን እንኳ አንድ ነገር እንደጎደለ ያውቃል።

አንድ ቀን አንድ ወጣት መጣ። «ጋሼ፣ መኪና አስደግፈኝ፤ ለእናቴ የምልከው ነው» አለኝ። ግራ እጁን በአየር ላይ አስዘርግቼ አነሣሁት። ከደጄ ቆማ የነበረች ነጭ ፒካፕ ከእጁ ሥር አቆምኩለት። ጥላ ሠራሁ፤ በሩ ላይም ደብዘዝ ያለ መልኩን አሳረፍኩ። ሌሊቱን ሙሉ ደከምኩበት። ከሥራዎቼ ሁሉ ያማረው እርሱ ነበር፤ ኮራሁበት።

በዓመቱ ተመልሶ መጣ፤ ከስቷል።

«አባቴ ታሞ ነበር» አለ። «ጎረቤት በቃሬዛ ሊያወርደው ሲነሣ፣ እናቴ ‹ልጄ በመኪናው ይመጣል› ብላ አስቀረች። እኔ በአውቶቡስ ስደርስ ሠልስቱ ወጥቶ ነበር።»

የምለው ጠፋኝ። እርሱ ግን ሊወቅሰኝ አልመጣም። «መኪናውን አውጣልኝና ሌላ አትምልኝ። ግድግዳው ላይ እርሱን ልስቀል» አለኝ።

ጊምፕ ሰውንና መኪናን በየራሱ ንብርብር ማስቀመጥ ያስችላል። ከእያንዳንዱ ንብርብር አጠገብ አንዲት ትንሽ የዓይን ምልክት አለች፤ ስትነካ ያ ንብርብር ይሰወራል። ፋይሉ ተቀምጦ ነበር። የመኪናዋን ዓይን፣ ቀጥሎም የጥላዋን ነካሁ። ልጁ ብቻ ቀረ፤ አዲስ ሸሚዙን ለብሶ፣ ፈገግ ብሎ፣ ግራ እጁን ምንም በሌለበት አየር ላይ አስደግፎ።

ገንዘብ አልተቀበልኩትም።

ዛሬም ርካሽ የፎቶ ማሳመሪያ የሚጠይቁኝ አሉ። ጊምፕ በነጻ ነው እላቸዋለሁ። «ነጻ» የምትለውን ቃል በተናገርኩ ቁጥር ግን ያ እጅ ይታየኛል።