ሬስሊንጉ «ውሸት» ነው ይባላል፤ በስማችን የተሠራውስ?



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ስለ ሬስሊንግ ነው። አዎ፣ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ስለሚተላለፈው፣ ወጣቱ «ደብሊው ደብሊው ኢ»፣ የቆየው ሰው ደግሞ እስከ ዛሬ «ደብሊው ደብሊው ኤፍ» ስለሚለው። (ስሙ የተቀየረው እ.ኤ.አ በ2002 ነው። ለዱር እንስሳት የሚሟገተው ዓለም አቀፍ ድርጅት «ይህ አህጽሮት የኔ ነው» ብሎ በፍርድ ቤት ስለረታ።)

መስጂድ ውስጥ የምናገለግል ሰዎች ይህን እንከታተላለን ስንል የሚገረም አይጠፋም። እንከታተላለን፤ ከልጅነታችን ጀምሮ። ስለዚህ የምንጽፈው ከሩቅ ሆነን ለማውገዝ አይደለም። እንደ ተመልካች የምንለው ስላለን ነው።

እኛ ያደግነው አቃቂ ቃሊቲ ነው። በዚያ ዘመን ቪዲዮ ቤት በየሰፈሩ ነበር። ቆርቆሮ ቤት፣ ጠባብ አግዳሚ፣ ደጃፉ ላይ በጠመኔ የተጻፈ የዕለቱ ፕሮግራም። የህንድ ፊልም፣ ካራቴ፣ ከዚያ ሬስሊንግ። እንግሊዝኛው ባይገባንም ታሪኩ ይገባን ነበር። በቪዲዮ ቤት ቋንቋ ጥሩው ሰው «አክተር» ነው፤ አክተር አይሞትም። ሌላው ወንበዴ ነው፤ ይጮኽበታል። ማን አክተር፣ ማን ወንበዴ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ቋንቋ አያስፈልግም። ሙዚቃው፣ ልብሱና የሕዝቡ ጩኸት ይነግርሃል።

መጀመሪያ «ውሸት ነው እኮ!» የሚለውን እንጨርሰው። ወንድሞቻችን ይህን ሲሉን ትልቅ ምስጢር ያወጡ ይመስላቸዋል። ምስጢሩን ድርጅቱ ራሱ ካወጣው ቆየ። እ.ኤ.አ በ1989 የኒው ጀርሲ ግዛት ምክር ቤት ፊት ቀርበው «ይህ መዝናኛ እንጂ የውድድር ስፖርት አይደለም» ብለዋል። ለምን? እንደ ቦክስ ያለው የስፖርት ቁጥጥርና ክፍያ እንዳይነካቸው። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይጻፋል። ተጋጣሚዎቹም ያውቁታል፤ አንዱ ሌላውን እንዳይጎዳ ተስማምተው ነው የሚሠሩት።

ውጤቱ ተጻፈ ማለት ግን ውድቀቱ ተጻፈ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ ሰኔ 1998 ሚክ ፎሊ ከብረት ጎጆው አናት ላይ፣ ከ4 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲወረወር ያ ሰውነት የሰው ሰውነት ነበር። እ.ኤ.አ ግንቦት 1999 ደግሞ ኦወን ሃርት ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ እየወረደ ሊገባ ሲል ወድቆ ሞተ። እሱ ሞቶ ዝግጅቱ ግን አልተቋረጠም። ስለዚህ «ውሸት ነው» ብሎ ማለፍ ሰዎቹ የሚከፍሉትን ዋጋ መናቅ ነው። እኛ የምንለው፦ ድርሰት ነው። ድርሰት ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው። ማን ጻፈው? ማን ላይ እንድንጮህ ነው የተጻፈው?

ውድ ወንድማችን፣ ውድ እህታችን፤ ነገሩ እኛን የሚነካው እዚህ ላይ ነው።

ሑሴን ኾስሮ ዐሊ ቫዚሪ የተባለ ኢራናዊ ነበር። እውነተኛ ታጋይ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ በአማተር ትግል ሻምፒዮን ሆኗል። ሬስሊንግ ውስጥ የተሰጠው ስም ምን ነበር? «አይረን ሼክ»፤ የብረት ሸይኽ። እኛ ዘንድ ሸይኽ ማለት ፊቱ በጉልበታችን ተንበርክከን ኪታብ የምንቀራበት ሰው ነው። እዚያ ግን ሹል ጫማ አድርጎ የሚጮኽበት ወንበዴ ሆነ። የቴህራኑ የኤምባሲ እገታ ትዝታ ገና ትኩስ ስለነበር ሕዝቡ እንዲጠላው ብዙ መድከም አላስፈለገም። እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 1983 ቀበቶውን አሸነፈ፤ በጥር 1984 ለሀልክ ሆጋን አስረከበ። የሆጋን ዝና የተገነባው በዚያች ሌሊት ነው።

አስቂኙ ነገር የመጣው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲነሳ ያንኑ ሰው «ኮሎኔል ሙስጠፋ» ብለው ኢራቃዊ አደረጉት። ኢራንና ኢራቅ ከ1980 እስከ 1988 ስምንት ዓመት ሙሉ ሲጨራረሱ የኖሩ አገሮች ናቸው! ለጸሐፊዎቹ ግን ልዩነት አልነበረውም። ዋናው ስሙ የሙስሊም ስም መሆኑ ነው።

ይህ እኛ ላይ ብቻ የተሠራ እንዳይመስላችሁ። «ካማላ፣ የኡጋንዳው ግዙፍ» ተብሎ ፊቱንና ሆዱን ቀለም ተቀብቶ እንደ አውሬ ሲታይ የነበረው ሰው የአሜሪካዋ ሚሲሲፒ ልጅ ነበር፤ ጄምስ ሃሪስ ይባላል። ኮፊ ኪንግስተን ደግሞ ጋና ነው የተወለደው። እ.ኤ.አ በ2008 ሲጀምር ግን «ጃማይካዊ ነህ» ተብሎ በጃማይካ አነጋገር እንዲያወራ ተደርጎ ነበር። በራሱ አገር ስም ቆሞ፣ እ.ኤ.አ ሚያዝያ 2019 አፍሪካ ውስጥ የተወለደ የመጀመሪያው የደብሊው ደብሊው ኢ ሻምፒዮን እስኪሆን ድረስ 11 ዓመት ፈጀ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ሙሐመድ ሐሰን።

እ.ኤ.አ በ2004 መጨረሻ «ሙሐመድ ሐሰን» የሚባል ሰው ብቅ አለ። የሚናገረውን ስሙት፦ እኔ አሜሪካ የተወለድኩ አሜሪካዊ ነኝ፤ ከመስከረም 11 በኋላ ግን ሰው በጥርጣሬ ያየኛል፤ ይህ ግፍ ነው። ይኸው ነው ንግግሩ። ሐሰት አለበት? የለበትም። ግን እውነቱን ወንበዴው አፍ ውስጥ ጨመሩት። እሱ «ተበደልኩ» ባለ ቁጥር አዳራሹ «ዩኤስኤ! ዩኤስኤ!» እያለ ይጮኽበታል። ተመልካቹ ሳያውቀው የሚማረው ትምህርት ይህ ነበር፦ ስለ በደሉ የሚናገር ሙስሊም አስመሳይ ነው።

ሰውየው ማን ነው? ማርክ ኮፓኒ ይባላል፤ ዘሩ ከጣሊያን የሆነ የኒው ዮርክ ግዛት ልጅ። ዐረብም ሙስሊምም አይደለም። አጠገቡ ሆኖ በባዕድ ቋንቋ የሚጮኸው ዳይቫሪ ደግሞ ቤተሰቡ ከኢራን ነው። እኛ ያኔ ነሕው የምንቀራ ደረሶች ነበርን። «ዐረብኛ ነው» ሲሉን ጆሯችንን ቀስረን አዳመጥነው፤ አንድ ቃል የሚያዝ የለም። ፋርስኛ ነበር። ሕዝቡ ግን አልጠየቀም። የማይገባ ድምፅ ከሆነ ለእነሱ በቂ ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ ሐምሌ 4 ቀን 2005 የተቀረጸው ትዕይንት መጣ። ሐሰን መግቢያው ላይ ተንበረከከና የሚሰግድ፣ ዱዓ የሚያደርግ መሰለ። በዚያ ምልክት ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ወጥተው አንደርቴከርን ደበደቡት፤ በሽቦ አነቁት። ተሸንፎ የተዘረረውን ዳይቫሪንም እንደ ሸሂድ ከፍ አድርገው ተሸክመው ወጡ። ዝግጅቱ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የተላለፈው ሐምሌ 7 ማታ ነው። የዚያኑ ቀን ጠዋት ለንደን ውስጥ በባቡርና በአውቶቡስ በደረሰው የፈንጂ ጥቃት 52 ሰዎች ተገድለዋል። ቁጣው ከየአቅጣጫው መጣ። ጣቢያው «ይህን ሰው በእኔ አየር ላይ አላየውም» አለ። በወሩ መጨረሻ ሐሰን በአንደርቴከር እጅ ከመድረክ ተጥሎ ለዘለቄታው ጠፋ። ኮፓኒ በኋላ ትግሉን ትቶ መምህር፣ ከዚያም የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆነ።

ሰዎች የተቆጡት በቀኑ መገጣጠም ነው። እኛ የምንጠይቀው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ለንደን ላይ ምንም ባይደርስ ኖሮስ? ሱጁድ የጥቃት ምልክት ሆኖ መታየቱ ችግር አልነበረውም? ትዕይንቱ በዲስክ ዞሮ ሰፈራችን ሲደርስ አግዳሚው ላይ ከተቀመጥነው ውስጥ ሦስቱ ሙሐመድ፣ ሁለቱ ሐሰን ይባሉ ነበር። ከጎናችን ያሉት ልጆች «ወንበዴው ያንተ ስም ነው!» ብለው ሳቁ። የልጅ ሳቅ ነው፤ ክፋት አልነበረበትም። ግን ያ ስም እናቶቻችን በዱዓ ያወጡልን ስም ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። «ሙስሊም ወንበዴ ሆኖ አይጻፍ» አንልም። ሙስሊም ሌባ አለ፣ ሙስሊም አጭበርባሪ አለ። የምንለው ክፋቱ ከጠባዩ ይምጣ፣ ከሶላቱ አይምጣ ነው። ልዩነቱን ማየት የሚፈልግ ሳሚ ዜይንን ይመልከት።

ሳሚ የሶሪያ ስደተኞች ልጅ ነው፤ ካናዳ፣ ሞንትሪያል አካባቢ ተወልዶ ያደገ፣ ሙስሊም መሆኑን የማይደብቅ። ወደዚህ ድርጅት ከመምጣቱ በፊት ለዓመታት ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ «ኤል ጄኔሪኮ» የሚባል ሜክሲኳዊ ገጸ ባሕርይ ነበር የሚጫወተው። በፊቱ ከመጣ በኋላ አክተርም ሆኗል፣ ወንበዴም ሆኗል። ወንበዴ በነበረበት ጊዜ «ሁሉም አሲሮብኛል» የሚል ተጠራጣሪ፣ ለፍላፊና አጭበርባሪ ነበር። እኛም ስቀንበታል። የተጮኸበት በሥራው እንጂ በአባቱ አገር አይደለም። እ.ኤ.አ በ2017 ደግሞ ለሶሪያ ተንቀሳቃሽ ክሊኒኮች ገንዘብ የሚያሰባስብ ዘመቻ ጀመረ።

ድርጅቱ እ.ኤ.አ ሚያዝያ 2018 ጅዳ ላይ ትልቅ ዝግጅት አድርጎ ሳዑዲ መመላለስ ሲጀምር ሳሚ ለዓመታት እዚያ አልታየም። ግንቦት 27 ቀን 2023 ጅዳ ላይ ከጓደኛው ኬቪን ኦወንስ ጋር ቀበቶ ይዞ ገባ። ማይክሮፎኑን ተቀብሎ ራሱንና ጓደኛውን በዐረብኛ አስተዋወቀ። አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። በዚህኛው ጊዜ ዐረብኛው እውነተኛ ዐረብኛ ነው፤ የሚናገረውም አክተሩ ነው።

«ልባቸው ተቀይሮ ነው ወይስ የሳዑዲ ገንዘብ?» ብላችሁ ብትጠይቁን፣ ገንዘቡ ትልቁን ድርሻ ይይዛል ባዮች ነን። የአሥር ዓመት ውል የተፈራረመህን ሕዝብ ወንበዴ አድርገህ አትጽፈውም። ይህም ራሱ ትምህርት ነው፦ ወንበዴ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ደንበኛ ያልሆነው ነው።

ለልጆቻችን ሁለት ነገር እንበል። አንደኛ፣ በመድረሳ ሰሌን ላይ አንገት እየያዛችሁ የምትጣጣሉት ይቅር። እነዚያ ሰዎች አወዳደቅን ብቻ ለወራት ተምረው ነው፤ እናንተ ግን አንገታችሁ አንድ ነው። መታገል ካማራችሁ ባህላዊው ትግላችን አለ። ሲራችንም ውስጥ ትግል አለ። በኡሑድ ዘመቻ ራፊዕ ሲፈቀድለት ሰሙራ በዕድሜው ምክንያት ተመለሰ፤ «እኔ እሱን በትግል እጥለዋለሁ» ብሎ ታግሎ ጥሎት እንደተፈቀደለት ተዘግቧል። ከሁሉም በላይ ግን ነቢዩ ﷺ እውነተኛ ጠንካራ ሰው በቁጣ ጊዜ ራሱን የሚገዛ እንጂ ሰው የሚጥል እንዳልሆነ አስተምረውናል።

ሁለተኛ፣ «ሮው» እ.ኤ.አ ከጥር 1993 ጀምሮ ሰኞ ሰኞ የሚተላለፍ ነው። ከጥር 2025 ወዲህ ኔትፍሊክስ ላይ ነው። የእነሱ ሰኞ ምሽት 2 ሰዓት እኛ ዘንድ እንደ ወቅቱ የማክሰኞ ሌሊት 9 ወይም 10 ሰዓት ነው፤ የተሀጁድ ሰዓት ማለት ነው። አዛን ሲል ገና አላለቀም። አላህ ለቀሰቀሰህ ሰዓት መጀመሪያ ድርሻውን ስጥ። ሬስሊንጉ ቅጂ አለው፤ ፈጅር ቅጂ የለውም።

የመጨረሻ ነጥባችን ወደ ራሳችን ይመለሳል። ድርሰት የሚጽፍ የአሜሪካ ድርጅት ብቻ አይደለም። እኛም በሰፈር ወሬ፣ በቀልድ፣ በቲክቶክ ሰውን በብሔሩ፣ በመጣበት አገር፣ በአነጋገሩ ወንበዴ አድርገን እንጽፋለን፤ ሌላውም ይጮኽበታል። ሱረቱል ሑጁራት ሕዝብ በሕዝብ ላይ እንዳይሳለቅ፣ በመጥፎ ቅጽል ስምም እንዳንጠራራ ከልክሎናል። በእኛ ስም ሲሠራ ያመመን ነገር በሌላው ስም ሲሠራ ሊያስቀን አይገባም።

ስለዚህ ሬስሊንግ ስታዩ፣ ፊልም ስታዩ፣ ዜናም ስትሰሙ፣ አዳራሹ አንድ ሰው ላይ በአንድ ድምፅ ሲጮህ አብራችሁ ከመጮኻችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ሰው ምን አደረገ? መልሱ «ሥራው» ከሆነ ጩኹ። መልሱ «ስሙ» ከሆነ ግን ዝም በሉ፤ ከጎናችሁ ያለውንም ዝም አሰኙ።

አላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።