ሁለት መሪ ያለው አውሮፕላን

ስለ አውሮፕላን ልጽፍ ነው ስላችሁ «ይኼ ደግሞ መምህርነቱን ትቶ ማብረር አማረው እንዴ?» እንዳትሉኝ። ነገሩ ከእኛው ሙያ ጋር የተያያዘ ነው።

ባለፈው ሳምንት በማስተማር ልምምድ ላይ አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ማካፈል እንድትሠራ ወደ ሰሌዳ አወጣኋት። መሀል ላይ ስትደናገር ጠመኔውን ከእጇ ተቀብዬ ራሴ ጨረስኩት። መልሱ ልክ ነበር። ልጅቷ ግን አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ከኋላ ሆነው የሚከታተሉኝ መምህር ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ «ጎሽ! አንተ ማካፈል እንደምትችል አየን፤ እሷስ?» አሉኝ። እኔማ የምገባበት ጠፋኝ።

ማታ፣ ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት መጽሐፍ ስለ እንግሊዞቹ ኤርስፒድ ኦክስፎርድ ሳነብ ነገሩ ተመልሶ መጣብኝ። ይህ ባለ ሁለት ሞተር የእንጨት አውሮፕላን፣ ኤንቮይ ከተባለ የመንገደኞች አውሮፕላን የመነጨ ሲሆን፣ መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። በዚያው ዓመት ለብሪታንያ አየር ኃይል ማሠልጠኛ ሆነ። ከ8,500 በላይ ተሠርቶ በእንግሊዝ፣ በካናዳ፣ በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድና በዛሬዋ ዚምባብዌ አገልግሏል። በባለ አንድ ሞተር የጀመረ ሠልጣኝ ወደ ትልልቆቹ ቦምብ ጣዮች የሚሻገረው በእሱ ነበር። ካርታ አይቶ መንገድ ማግኘት፣ ሬዲዮና ተኩስም ይማሩበት ነበር። አየር ኃይሉ እስከ 1954 ድረስ ተጠቅሞበታል።

እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነው። መምህሩና ሠልጣኙ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በየፊታቸው መሪ አለ። ሠልጣኙ ሲሳሳት መምህሩ መሪውን ቢይዝ አውሮፕላኑ ወዲያው ይቃናል። ሁልጊዜ ከያዘው ግን ሠልጣኙ መቼ ይማራል?

መልቀቅ ቀላል ነው አልልም። ኤሚ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1930 ከእንግሊዝ አውስትራሊያ ድረስ ብቻዋን የበረረች ጎበዝ ነበረች። እሷም እንኳ ጥር 5 ቀን 1941 ኦክስፎርድ ልታደርስ በክፉ የአየር ጠባይ ስትበር፣ ቴምዝ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ውኃ ላይ ወድቃ ሞተች። የአየር መምህር እጁን ሲሰበስብ ነፍስ አስይዞ ነው። ታዲያ እኔ ለአንዲት የማካፈል ስሌት ምን አስፈራኝ? የፈራሁት ለልጅቷ ሳይሆን ለራሴ ማርክ ነበር።

ሰኞ እዚያው ክፍል እገባለሁ። ልጅቷን እንደገና አወጣታለሁ። ብትደናገር እጠይቃታለሁ፣ እጠብቃታለሁ። ጠመኔው ግን ከእጇ አይወጣም።