ሴት የለችም ወይ?

በዲምቱ ስናስተምር አንድ ስሕተት ሠራን። እንንገራችሁ።

ማታ ነው። ተማሪዎቻችን በቆሎ ሲኮተኩቱ፣ ውሃ ሲቀዱ ውለው መጥተዋል። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ከኋላ ተቀምጠዋል። እኛ በሰሌዳው ላይ ከኢጣሊያ ጋር የተዋጉ አርበኞችን ስም ጻፍን፦ በላይ ዘለቀ፣ አበበ አረጋይ፣ ገረሱ ዱኪ። ሁሉም እየተንተባተቡ አነበቡ። ከኋላ አንዲት እናት በወላይትኛ ተናገሩ። ወንዶቹ ሳቁ። ምን አሉ? ብለን ጠየቅን። «ሴት የለችም ወይ? ነው የሚሉት» አሉን።

አፈርን። ዩኒቨርሲቲ ስንማር ይህ ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ አልመጣልንም።

በማግሥቱ ሁለት ስም ጻፍን።

ከበደች ሥዩም። ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ ነበሩ። ጠላት «እጅህን ስጥ፣ አትነካም» አላቸው። አምነው ቢገቡ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ገደላቸው። ወይዘሮ ከበደች ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበሩ። የባላቸውን ሰዎች ሰብስበው ጦር መሩ። የወለዱትም እዚያው በዱር ነው።

ሸዋረገድ ገድሌ። ንብረታቸውን እየሸጡ አርበኞችን ረዱ፤ የጠላትን ወሬ አቀበሉ። ጠላት ይዞ አሠቃያቸው፤ አሲናራ ወደምትባል የኢጣሊያ ደሴት አጋዛቸው። ሲመለሱስ አርፈው ተቀመጡ? ኧረ የለም! ተመልሰው ወደ አርበኞቹ ገቡ።

አንድ አባት ግን አልተዋጠላቸውም። «ባላቸው ባይሞት ኖሮ ከበደች ጦር ይመሩ ነበር?» አሉ።

ከባድ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ ሴት ቦታ የምታገኘው ወንዱ ሲጠፋ ነው፤ ይህን አልካድንም። የሕንድንም ነገር ነገርናቸው። እንግሊዝ ሕንድን ሲገዛ ሕዝቡ የራሱን ጨው እንዳያወጣ ከልክሎ ነበር። በፈረንጆች 1930 ጋንዲ ይህን ተቃውመው ታሰሩ። ከዚያ ሳሮጂኒ ናይዱ የምትባል ሴት ሕዝቡን እየመራች ወደ ጨው ማምረቻው ሄደች፤ እሷም ታሰረች። ታዲያ ይህች ሴት ቀድሞም በ1925 የትልቁ ማኅበራቸው የኮንግረስ ፕሬዚዳንት ነበረች። ያኔ ጋንዲ አልታሰሩም፤ እንዲያውም ቦታውን ያስረከቧት እሳቸው ናቸው።

አባት ዝም አሉ። ተስማምተው ይሁን ደክሟቸው፣ እንጃ።

በዚያው ሳምንት መዝገብና ጠመኔ የሚይዝ አለቃ መረጥን። ያቺ እናት እጃቸውን አወጡ። በአራት ድምፅ ተሸነፉ። በማግሥቱ ስንገባ ከፊት ተቀምጠው አገኘናቸው፤ «ሸ»ን እየጻፉ ነበር።