በግድግዳ ላይ ያለ እስረኛ

ሰው በቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ሥዕል የልቡ መዝገብ ነው። በአገራችን ልማድ የቅዱሳን ሥዕል በክብር ስፍራ ይሰቀላል፤ ከእርሱ ዝቅ ብሎ የአባትና የእናት ፎቶግራፍ፥ የሠርግ ቀን፥ የልጅ ምረቃ ይከተላል። የመጣ እንግዳም ገና ሳይቀመጥ ግድግዳውን ተመልክቶ ወደ ማን ቤት እንደ ገባ ያውቃል። በዚህ ተርታ አውሬ እምብዛም አይገኝም፤ ቢገኝም አንበሳ ነው።

በዚህ ዘመን ግን በባሕር ማዶ ከጥንት ፎቶግራፎች መካከል፥ በአራዊት ማሳያ ስፍራ ታስረው ሳሉ የተነሡ የጎሪላና የዝንጀሮ ሥዕሎች እየተባዙ፥ መስተዋትና ክፈፍ እየተበጀላቸው ለቤት ጌጥ ይሸጣሉ። እንዲህ ካለው አንዱ በድሬዳዋ ከተማ፥ በከዚራ ሰፈር፥ ከአንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ቤት ገባ። በአውሮፓ የምትኖር ልጁ «የአገራችን ተወላጅ ነው» ብላ የላከችለት ስጦታ ነው። ጎፈሩ በትከሻው ላይ እንደ ካባ የወረደ ወንድ ዝንጀሮ ከብረት ፍርግርግ በስተኋላ ተቀምጦ፥ እጁን በጉልበቱ ላይ አኑሮ፥ ተመልካቹን ትቶ ወደ ሩቅ ያያል። ሰውዬውም ደስ ብሎት ከአባቱ ፎቶግራፍ አጠገብ ሰቀለው።

ከዚያ በኋላ በቤቱ ክርክር ተነሣ። ሚስቱ «የአባትህ ጎረቤት ይህ ነውን?» ብላ ተቈጣች። አንድ ወዳጁም «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል» ብሎ ተረተ። ለቡና የመጡ አንዲት አሮጊት ግን ሥዕሉን ቀርበው ብዙ ከተመለከቱት በኋላ «ልጄ፥ ይህ የማንን ማሽላ በልቶ ነው የታሰረው?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ሣቁ፤ መልስ የሰጠ ግን አልነበረም። በመጨረሻም ባልና ሚስቱ ተስማምተው ሥዕሉን ከአባትዬው ተርታ አንሥተው ለብቻው ሰቀሉት።

የአሮጊቲቱ ጥያቄ ግን መልስ የሚገባው ነው። ይህ ባለ ጎፈር ዝንጀሮ በአፍሪካ ቀንድና በቀይ ባሕር ማዶ በዐረብ ምድር የሚኖር ነው፤ ሰዎችም ከጥንት ጀምሮ ወደ ሩቅ አገር ይወስዱት ነበር። ከዛሬ 3,400 ዓመት በላይ አስቀድሞ የግብፅ ንግሥት ሐትሼፕሱት በደይር ኤል ባሕሪ ባሠራችው መቅደስ ግድግዳ ላይ፥ ከፑንት ምድር በሚመለሱት መርከቦች ውስጥ ዝንጀሮዎች ተቀርጸው ይታያሉ። ግብፃውያን ዝንጀሮን ቶት ለሚሉት የጽሕፈትና የጥበብ አምላካቸው የተለየ አድርገው ያከብሩት ነበር። ነገር ግን በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፥ በሉክሶር አጠገብ ተገንዘው የተገኙት የብዙዎቹ አጥንት የፀሐይ ብርሃን በማጣት የተጎዳ መሆኑን አስረዳ። እንግዲህ ያከበሯቸው ሰዎች ፀሐይን ነሥተዋቸው ነበር ማለት ነው።

በእኛ ዘመን ደግሞ፥ በ1925 እ.ኤ.አ. በለንደን የአራዊት ማሳያ ስፍራ «የዝንጀሮ ኮረብታ» የተባለ ሰው ሠራሽ ቋጥኝ ተሠርቶ መቶ የሚያህሉ ከዚሁ ወገን የሆኑ ዝንጀሮዎች ገቡበት። ወንዶች ብቻ ይሆኑ ዘንድ ታስቦ ሳለ ጥቂት ሴቶች ተቀላቅለው ተገኙ፤ በ1927 ደግሞ 30 ሴቶች ተጨመሩ። ስፍራው ጠባብ፥ እንስሶቹም እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ነበሩና ጠብ ተነሣ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ብዙዎቹ አለቁ። ይህን የተመለከተው ሊቅ ሶሊ ዙከርማን በ1932 መጽሐፍ አወጣ፤ የዝንጀሮ ማኅበር በፍትወትና በጉልበት ብቻ የቆመ ነው የሚል አሳብም በብዙዎች ልብ ተተከለ።

የዚህ ነገር መፍትሔ የተገኘው ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፥ በቀድሞው የባቡር መንገድ ላይ ባለችው በኤረር ጎታ ነው። የስዊስ አገር ሊቅ ሃንስ ኩመር አስቀድሞ በዙሪክ የታሰሩትን ሲመረምር ቆይቶ፥ በ1960 ከባልደረባው ከፍሬድ ኩርት ጋር ነጻዎቹን ለማየት ወደዚያ መጣ። ዝንጀሮዎቹ ማታ ማታ ብዙ ሆነው በገደል ላይ አብረው ያድራሉ፤ ሲነጋ በየጭፍራቸው ተከፍለው ምግብ ፍለጋ ይሰማራሉ፤ ወንዱም የራሱን ሴቶች ይጠብቃል እንጂ የባልንጀራውን ለመንጠቅ ብዙ ጊዜ አይደፍርም። ሴቲቱ ስትርቅበት አንገቷን ነክሶ ይመልሳታልና የዋህ ነው አይባልም። ነገር ግን ጠቡ በእስር ካሉት ጠብ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ባለ ሥዕሉ የባቡር ሠራተኛም ባቡሩ በኤረር ሲያልፍ ያያቸው የነበሩት እነዚሁ ናቸው።

የለንደኑ ተመልካች እንግዲህ ሰሙን አይቶ ወርቁን ሳይፈታ ተነሣ። አጥሩ ያመጣውን ጠብ የእንስሳው ባሕርይ አድርጎ ጻፈው።

ነገሩ በእንስሳ ብቻ አልቆመም። በመስከረም 1906 እ.ኤ.አ. ኦታ ቤንጋ የተባለ የኮንጎ ሰው በኒውዮርክ ከተማ በብሮንክስ የአራዊት ማሳያ ስፍራ፥ በዝንጀሮዎች ቤት ውስጥ ለሕዝብ ታየ። የጥቁር ሕዝብ ቀሳውስት አጥብቀው ስለ ተቃወሙ ወጣ፤ በ1916 ግን በገዛ እጁ ሞተ። ስፍራውን የሚያስተዳድረው ማኅበር በይፋ ይቅርታ የጠየቀ በ2020 ነው። ያን ጊዜ የመጣው ብዙ ሕዝብ ሰውዬውን ባስቀመጡት ስፍራ መዘነው፤ ማን እንዳስቀመጠው ግን አልጠየቀም።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥዕል ሰቅሎ ማኖር ነውር አይደለም፤ ጌጥ ነው ብሎ ማለፍ ግን አይበቃም። ባለቤቱ ለሚጠይቁት እንግዶች እንስሳው ከየት አገር እንደ ሆነ፥ ወገኖቹ በገደላቸው ላይ እንዴት እንደሚኖሩ፥ ፍርግርጉንም የሠራው ማን እንደ ሆነ ይንገራቸው። ማሽላ የበላ ዝንጀሮ በኤረርም ሞልቷል፤ በሥዕሉ ያለው ግን የታሰረው በማሽላ አይደለም።