ሦስት ምድጃ በአንድ ግቢ

ሞያሌ ውስጥ ሥጋ ጠብሶ መብላት ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። በኬንያ በኩል ኛማ ቾማ አለ፤ ፍየሉ በትልልቁ ተቆርጦ በጨው ብቻ ከሰል ላይ ይጠበሳል። በኢትዮጵያ በኩል ጥብስ አለ፤ ሥጋው በደቃቁ ተከትፎ በቅቤ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ይገላበጣል። ሲመሽ ደግሞ በመንገድ ዳር ሚሽካኪ የሚጠብሱ ልጆች አሉ። እኛ የምንጽፈው ስለ አራተኛው ነው። ከባሕር ማዶ በሰው እጅ መጥቶ ቤታችንን ስለለመደው የዐረብ አገር ጥብስ፣ ከነአትክልቱ።

እኛ ሦስት ልጆች ነን። ሁለታችን በዚህ ትምህርት ቤት ተምረን ወጥተናል፤ ትንሿ አሁንም ተማሪ ናት። ለዓመቱ መጽሐፍ ከየቤታችን አንድ ጽሑፍ እንድናመጣ ስንጠየቅ ሦስታችንም ያለ ክርክር የተስማማነው በቅዳሜ ማታ ላይ ነው።

ሙያውን ያመጣችልን አክስታችን ናት። ጅዳ ከተማ በሰው ቤት ለዓመታት ስትሠራ ቆይታ በ2006 ዓ.ም. ተመለሰች። በዚያ ዓመት ሳውዲ ዐረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች ስታስወጣ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። እሷም ከእነሱ አንዷ ነበረች። ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ይዛ መጣች?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ሻንጣዋ ሲከፈት ጥቂት ልብስ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ቅመምና አሥራ ሁለት ጠፍጣፋ የብረት ዘንጎች ወጡ። ወርቅ የጠበቀ ሰው ብረት አየ።

አክስታችን ስለዚያ አገር ብዙ አታወራም። አንድ ነገር ግን ደጋግማ ነግራናለች። አርባ ሰው ለሚጠራበት ግብዣ ከቀትር በኋላ ጀምራ ትጠብስ ነበር፤ እሷ የምትበላው ግን እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ማድ ቤት ውስጥ ቆማ ነው። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ያወጣችው የመጀመሪያው ደንብ ስለ ቅመም አይደለም። «የጠበሰ ሰው ተቀምጦ ይበላል፤ እሱ ሳይቀመጥ እንጀራው አይቆረስም» ነው። እስከ ዛሬ በግቢያችን ምድጃው ዘንድ ያለው ሰው መጥቶ እስኪቀመጥ ሁሉም እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል።

አሠራሩን እንናገር። ዐረቦች ከሰል ላይ የሚጠበሰውን ሁሉ በአንድ ስም ማሽዊ ይሉታል። በውስጡ ብዙ ዓይነት አለ፤ እኛ ቤት ግን ሦስቱ ይዘወተራሉ። አንደኛው ቁርጥራጭ የፍየል ወይም የበግ ሥጋ ነው። ለአንድ ኪሎ ሥጋ ግማሽ ኩባያ እርጎ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ ቀረፋና ጨው ይበቃዋል። ከጠዋት ጀምሮ በዚህ ተለውሶ እስከ ማታ ይቀመጣል። ሎሚው እንዳይበዛ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሎሚ ውስጥ ያደረ ሥጋ ላዩ ይላላና ዱቄት ዱቄት ይላል። እርጎ ግን ረጋ ብሎ ያለሰልሰዋል።

ሁለተኛው ከባብ ነው። የተፈጨ ሥጋ ከስቡ ጋር ይታሻል፤ ስቡ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ካልሆነ ይደርቃል። ሽንኩርቱ በደቃቁ ተከትፎ ውኃው በጨርቅ ይጨመቃል፤ ውኃው ከቀረ ሥጋው ብረቱን አይዝም፣ እሳት ውስጥ ይወድቃል። እጅ ላይ እስኪጣበቅ ድረስ ይታሽና በእርጥብ እጅ ጠፍጣፋው ብረት ላይ ይለጠፋል። ብረቱ ጠፍጣፋ የሆነበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ በክብ ብረት ላይ ከባብ ሲገለበጥ ብረቱ ብቻውን ይዞራል። ሦስተኛው ሺሽ ታዉቅ የሚባለው የዶሮ ጥብስ ነው፤ እርጎ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ይበቃዋል። ዶሮ ግን በጥሬነቱ አይታመንም። ውስጡ ቀይ እስኪጠፋ መብሰል አለበት፤ ጥሬው ያደረበት እርጎም ይደፋል እንጂ እንደ ስጎ መልሶ አይቀባም።

በርበሬ የለበትም። እናታችን መጀመሪያ ይህን ማመን አቅቷት ነበር፤ በርበሬ ያልነካው ምግብ የበሽተኛ ምግብ ይመስላታል። አክስታችን ለእሷ ስትል ደጉስ ትሠራላታለች፤ ቲማቲም፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት አብሮ የተፈጨ ማጥቀሻ ነው። እናታችን ቀምሳ «ይኼማ የዳጣ ዘመድ ነው» አለች፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ እንግዳ መሆኑ ቀረ።

እሳቱ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከሰሉ ነበልባሉ ሁሉ ጠፍቶ ላዩ አመድ እስኪለብስ ይጠበቃል። የቸኮለ ሰው ሥጋውን ላዩን አሳርሮ ውስጡን ጥሬ ያወጣዋል። ስቡ እየተንጠባጠበ ነበልባል ሲያስነሳ ውኃ አይደፋበትም፤ ብረቱ ለጊዜው ወደ ዳር ይሸሻል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ አይገባም። በሩ በተዘጋ ክፍል ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ ተኝቶ የቀረ ሰው ብዙ ነው። ብርድም ይሁን ዝናብ፣ የእኛ ጥብስ በግቢ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሞያሌ ውስጥ ሥጋ ሰውን እንደሚሰበስብ ሁሉ ሰውን ይለያል። እኛ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኞች ነን፤ የምንበላው በስመ አብ ተብሎ የታረደውን ነው። የግቢያችን ጎረቤቶች ሙስሊሞች ናቸው፤ የሚበሉት ቢስሚላህ ተብሎ የታረደውን ነው። በኬንያ ሞያሌ ያሉት ልኳንዳዎች አብዛኞቹ ሐላል ስለሆኑ እኛ ለበዓል ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ቅርጫ እንገባለን፤ በአዘቦቱ ደግሞ ፍየል ገዝተን በቤታችን እናርዳለን። አክስታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠብስ ጢሱ ግቢውን ሞላው። ማማ የምንላቸው የገሪ ተወላጅ ጎረቤታችን በትሕትና መጥተው ሻይ ብቻ ጠጥተው ሄዱ። ማንም ምንም አላለም። የጥብሱ ሽታ እስከ ማታ በማማ ደጅ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማማ የራሳቸውን ምድጃና የራሳቸውን ሥጋ ይዘው መጡ። አክስታችንን «ልጄ፣ ብረትሽን አዋሺኝ አልልሽም፤ የራሴን ብየዳ ቤት አሠርቻለሁ። ቅመሙን ግን አስተምሪኝ» አሏት። ሁለት ምድጃ፣ ሁለት መክተፊያ፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት መቆንጠጫ ሆነ። እኛ ልጆቹ የመጀመሪያ ሥራችን ዕቃ እንዳይቀላቀል መጠበቅ ነበር፤ የእኛዎቹ ብረቶች ጫፍ ላይ ቀይ ክር አሰርንበት። አክስታችን በአንዱ ምድጃ ትጠብሳለች፤ ማማ በሌላው። ማማ አንዳንድ ጊዜ የግመል ሥጋ ያመጣሉ። የግመል ሥጋ ስብ ስለሌለው ይጠነክራል፤ እሳቸው ቀጠን አድርገው ቆርጠው የሻኛውን ስብ በየመካከሉ ይሰኩበታል። እኛ ባንበላውም አሠራሩን እናውቀዋለን።

አትክልቱ በዚያን ጊዜ የሥጋው አጃቢ ነበር። ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ እዚህ ሆሆ የምንለው ትልቁ ቃሪያ ከሥጋው ጎን እየተሰካ ይጠበስ ስለነበር የሥጋው ስብ ይነካዋል። የሥጋውን ወገን ይከተላል ማለት ነው።

ይህ የተለወጠው በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ነው። በኢትዮጵያ ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለው ብዙ ሺህ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ኬንያ ተሻገረ። ግቢያችን ውስጥም እናቶችና ሕፃናት አደሩ። ቦረናም፣ ቡርጂም፣ ሌላም ነበሩ፤ ክርስቲያንም ሙስሊምም። ለእኛ ዐቢይ ጾም ነበር። ማታ ምግብ ሲታሰብ እናታችን ማን ምን እንደሚበላ ልትጠይቅ ተነሣችና ተመልሳ ተቀመጠች። በዚያ ሌሊት «ምን ትበላለህ?» ማለት «ማን ነህ?» እንደማለት ነበር፤ ያን ጥያቄ ሸሽቶ የመጣን ሰው እንደገና መጠየቅ ከብዷት ነው።

አክስታችን ያን ማታ ሥጋ ያልነካው አዲስ ምድጃ ከሱቅ አስገዛች። ድንቹን፣ ካሮቱን፣ ዝኩኒውን፣ ሽንኩርቱንና ሆሆውን በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በከሙንና በጨው ለውሳ አዲስ ሽቦ ላይ ደረደረችው። ደበርጃኑን ሙሉውን ከሰሉ ላይ አስቀምጣ ልጣጩ ጥቁር እስኪሆን ውስጡ እስኪቀልጥ ተወችው፤ ከዚያ ልጣ ከተቆላ የሰሊጥ ልቁጥ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከሎሚ ጋር መታችው። ማማ ቻፓቲ አመጡ፤ እናታችን እንጀራ አወጣች። ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ሁሉም በላ። ከዚያ ሌሊት የምናስታውሰው ብዙ ነገር አለ፤ ብዙውን አንጽፈውም። ሕፃናቱ በደበርጃን ጥላሸት እጃቸው ጠቁሮ መሳቃቸውን ግን እንጽፋለን።

ሦስተኛው ምድጃ እንዲህ መጣ፤ አልተመለሰምም። ዛሬ በግቢው መሀል የሚቀመጠው እሱ ነው፤ ሁለቱ የሥጋ ምድጃዎች በግራና በቀኝ ይሆናሉ። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም፣ ሥጋ ለማይስማማው፣ ደመወዝ ላላደረሰው ወር የእሱ እሳት አይጠፋም። በድርቁ ዓመታት ዝናቡ ወቅት በወቅት ቀርቶ የቦረናና የማርሳቢት ከብት ሲያልቅ፣ ብዙ ቅዳሜ የነደደው እሱ ብቻ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን፣ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ሲገቡ ደግሞ ማማ ለኢፍጣር፣ እኛ ለጾም እራት ከአንዱ ምድጃ በላን። ሽምብራውን ቀቅለን ከሰሊጥ ጋር ስንፈጭ ዐረቦቹ ሑሙስ የሚሉት ይወጣል፤ እናታችን ግን እስከ ዛሬ «የሽሮ እኅት» ነው የምትለው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲያዩ «ከተዋደዳችሁ ምነው አንድ ምድጃ አይበቃችሁም?» ይሉናል። አይበቃንም። ማማ ቀዩን ክር ያከብራሉ፤ እኛም የእሳቸውን መክተፊያ አንነካም። አንዱ የሌላውን ደንብ ስለጠበቀለት ነው ማንም ሳይጠራጠር የሚቀመጠው። ከድንበር ከተማ ልጅ በላይ ይህን የሚያውቅ የለም፤ መስመር አለ፣ በመስመሩ ላይም በየቀኑ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ሺሊንግና ብር፣ ሠርግና ለቅሶ ይሻገራል።

ይህን የምታነቡ ተማሪዎችና ወላጆች በቤታችሁ መሞከር ከፈለጋችሁ ከአትክልቱ ጀምሩ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ማንንም አያገልም። ድንችና ካሮት ቀድመው ትንሽ ይቀቀሉ፣ አለዚያ ሌላው ሲበስል እነሱ ጥሬ ይቀራሉ። ቲማቲም በራሱ ብረት ይሰካ፤ ቶሎ ይፈርሳልና። ብረት ስታሠሩ ዚንክ የተቀባ ሽቦ አትቀበሉ። ሥጋ ካላችሁ ምድጃውን ለዩ፤ የጎረቤታችሁን ደንብ ካላወቃችሁ ደግሞ ቀድማችሁ፣ በሰላሙ ቀን ጠይቁ።

ሲበስል የጠበሰውን ሰው ጥሩት። እስኪታጠብና እስኪቀመጥ ጠብቁት።