ዕድር ለሞት ይደርሳል፤ ለመውለድስ?

አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሸማ ተራ ውስጥ ገዢው ጨርቁን ለምን እንደሚፈልገው ሻጮቹ ሳይነገራቸው ያውቃሉ። ጥለት የምታማርጠው ሙሽራ ናት፤ ነጭ ነጠላ ብቻ የሚጠይቀው ከለቅሶ ቤት መጥቷል፤ ጋቢውን በእጇ እየዳበሰች ልስላሴውን የምትፈትሸው ደግሞ የአራስ ዘመድ ናት። እኔም ከሜሪላንድ ለእረፍት መጥቼ ለእህቴ የአራስ ጋቢ ፍለጋ ነበር የገባሁት።

ባለሱቋ የኔ እኩያ ትሆናለች። «እንኳን ማርያም ማረቻት!» አለችና ጋቢውን ዘረጋችልኝ። ቀጥላም «አንቺስ ወልደሻል?» ስትል ጠየቀች። አሜሪካ ቢሆን ማንም በዚህ ፍጥነት አይጠይቀኝም ነበር፤ እዚህ ግን ጥያቄው ከሰላምታው ጋር የሚመጣ ነው። ሴት ልጅ እንዳለችኝ፣ የወለድኳትም ከረጅም ሕክምና በኋላ እንደሆነ ነገርኳት። ይህን ስትሰማ በርጩማ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

ካገባች ዓመታት አልፈዋል። ጠበል ተጠምቃለች፣ ተስላለች፤ ዛሬም አልተወችም። የዕቁብ ዕጣ ሲደርሳት ገንዘቡን ለዕቃ መግዣ ሳይሆን ለምርመራ አውላዋለች፤ ቀጣዩም ዕጣ እንደዚያው ሆነ። የማህፀን ራጅ ተነስታ አንደኛው ቱቦ ተዘግቷል ተብላለች። «ባለቤትሽስ ተመረመረ?» አልኳት። «እሱ ምን ሆኖ ነው የሚመረመረው ይላሉ ዘመዶቹ» አለችኝ። የወረዳው የጤና መድን ደብተር በመሳቢያዋ አለ። «ለጨጓራዬም ለእናቴ ደም ግፊትም ሠርቶልኛል፤ ለዚህ ስጠይቅ ግን በራስሽ ክፈዪ ተባልኩ።»

ለእኔ ይህ መልስ ዝም ብሎ የሚታለፍ አልነበረም። የምኖርባት ሜሪላንድ ከ1985 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጤና መድን ድርጅቶች አይ ቪ ኤፍ የሚባለውን፣ ጽንሱ ከማህፀን ውጭ በቤተ ሙከራ የሚጀመርበትን ሕክምና እንዲሸፍኑ በሕግ ታስገድዳለች። ልክ አለው፤ መድኑ ሽፋኑን ለአንድ ልደት በሦስት ሙከራ፣ ለዕድሜ ልክ ደግሞ በ100,000 ዶላር መወሰን ይችላል። ቀዳዳም አለው፤ ትናንሽ ቀጣሪዎችንና የሠራተኞቻቸውን ሕክምና ከራሳቸው ካዝና የሚከፍሉ ትልልቅ ድርጅቶችን አይነካም። ስለዚህ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚኖሩ ሁለት ሐበሾች አንዷ በቀጣሪዋ ምክንያት ትታከማለች፣ ሌላዋ ብድር ትፈልጋለች። በጎረቤት ግዛት ቨርጂኒያ የሚኖረው ወገኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ሕግ እንኳ የለውም። እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤሎች ከሁላችንም የተሻለ ዕድል አላቸው፤ የአገሪቱ የጤና መድን ሴቲቱ 45 ዓመት እስኪሞላት፣ እስከ ሁለተኛ ልጅ ድረስ ወጪውን ይችላል።

«ኢትዮጵያ ድሃ ናት፤ ቅድሚያ ለወባና ለእናቶች ሞት» የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ከልቤም አከብረዋለሁ። ነገር ግን በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወሊድ መቆጣጠሪያ በነፃ ነው፣ ማዋለድም በነፃ ነው። መውለድ ያልፈለገችም የምትወልድም መንግሥት ከጎናቸው ቆሟል። መውለድ እየፈለገች ያልቻለችው ብቻ ሂሳብ ይጠብቃታል። ይህ ፍትሕ አይመስለኝም።

ሕክምናው አገር ውስጥ የለም የሚለው ምክንያት ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። ከመርካቶ እምብዛም በማይርቀው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያው የመንግሥት አይ ቪ ኤፍ ማዕከል ሥራ ጀምሯል፤ ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በትብብር የተቋቋመ ነው። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ወደ ሕንድና ወደ ታይላንድ ይሄድ ነበር፤ የሌለው ይቀራል። በየካቲት 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የጤና አገልግሎት አዋጅም ለዚህ ሕክምና ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶታል። የጎደለው ከፋይ ነው። ሆርሞን መድኃኒቶቹ የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር የሚከፍል ሰው ሸክሙ ምን ያህል እንደከበደ ማንም ነጋዴ ያውቃል።

ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከአማራ ክልል ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩበት። ያኔ ገበሬው ላልታመመበት ዓመት ገንዘብ ያዋጣል ብሎ ያመነ ጥቂት ነበር። ዛሬ ደብተሩ መርካቶ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። አሠራሩ ለሸማ ተራ ሰው ባዕድ አይደለም፤ ብዙዎች አዋጥተው ለተቸገረው አንዱ መድረስ ዕድር ሲያደርገው የኖረው ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ምሽት እዚሁ ተራ በተነሳው ቃጠሎ ሱቆች ከነዕቃቸው ከወደሙ ወዲህ ደግሞ የመድን ነገር በየሱቁ የሚነሳ ወሬ ነው። ዕቃው እንዲካስ የሚጠይቅ ነጋዴ፣ ሚስቱ እንድትታከምም መጠየቅ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት ከስድስት አዋቂዎች አንዱ በሕይወቱ ዘመን የመካንነት ችግር ይገጥመዋል። የሚገርመው ችግሩ ከወንዱም ከሴቷም በኩል ሊመጣ መቻሉ በሐኪም ዘንድ ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ ጠበሉም ሐሜቱም ፍቺውም በሴቷ ላይ መውደቁ ነው። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ከሁሉም ቀላሉና ርካሹ ነው፤ ከሴቷ ራጅና ቀዶ ሕክምና በፊት መምጣት የሚገባው እሱ ነበር። መድኑ ባልና ሚስትን አንድ ላይ ቢመዘግብና ምርመራውን ለሁለቱም ቢከፍል፣ «እሱ ምን ሆኖ ነው» የሚሉትን ዘመዶች ከማንኛውም ምክር በላይ ዝም ያሰኛቸዋል ብዬ አምናለሁ። በአገራችን ብዙውን ጊዜ ቱቦ የሚዘጋው በወቅቱ ባልታከመ ኢንፌክሽን ነው፤ እሱን ቀድሞ ማከም የሚፈልገው አንቲባዮቲክ እንጂ ቤተ ሙከራ አይደለም።

አይ ቪ ኤፍ ነገ ጠዋት ለሁሉም ይከፈል አልልም። የመድን ቋቱ አቅም ውስን ነው፤ ሜሪላንድም ልክ ያበጀችለት ለዚህ ነው። ግን የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት መጀመሪያ የሁለቱንም ምርመራ፣ ቀጥሎ የኢንፌክሽንና የሆርሞን ሕክምናውን፣ ከዚያም በመንግሥት ማዕከል ቢያንስ አንድ የአይ ቪ ኤፍ ሙከራ በሚሸፈኑ አገልግሎቶች ዝርዝር ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። ደብተር ይዛ የሄደች ሴት በመስኮት ላይ ባለ ሰው ፈቃድ መመለስ የለባትም። የዕድርና የዕቁብ ዳኞች ይህን ጥያቄ ወደ ወረዳችሁ አድርሱት፤ ብዙ አባል ያላችሁ እናንተ ናችሁ፣ ትሰማላችሁ። ልጅ እየጠበቃችሁ ያላችሁ ባሎችም የመድኑን ውሳኔ ሳትጠብቁ ከሚስቶቻችሁ ጋር አብራችሁ ሄዳችሁ ተመርመሩ።