ሰዓት የሌለው ጨዋታ

«ቶሮንቶ ለቤዝቦል ነው እንዴ እንዲህ ያዘነችው?» ብላችሁ ለጻፋችሁልኝ፣ በተለይ ለድሮ ተማሪዎቼ፣ እስቲ ላስረዳ።

ብሉ ጄይስ ዋንጫ ካነሳ በ2025 32 ዓመት ሆኖት ነበር። ኖቬምበር 1፣ 2025 በዎርልድ ሲሪስ ሰባተኛ ጨዋታ፣ በዘጠነኛው ዙር፣ ዶጀርስን 4 ለ 3 እየመራን ነበር። የቀረን ሁለት ሰው አውት ማድረግ ብቻ። እግር ኳስ ቢሆን ሰዓት ትገድላለህ፣ በረኛህ ሜዳ ላይ ይተኛል (ይቺን እንኳ እናውቅበታለን!)። ቤዝቦል ግን ሰዓት የለውም። እየመራህም ኳሷን ለባላጋራህ ዱላ መወርወር ግዴታህ ነው። ሚጌል ሮሃስ፣ ማንም ሆምረን ያልጠበቀበት ሰው፣ መታት። 4 ለ 4።

እኔ ያየሁበት ቤት ማንም አልጮኸም። ጩኸት ቢኖር ይሻል ነበር። አንዱ አባት የልጁን ኮፍያ አውልቆ መልሶ አደረገለት፣ ሌላ የሚያደርገው ስላጣ።

ከዚያ ተራው የኛ ሆነ። ሦስቱም ቤዝ ላይ ሰው ቆሞልን፣ ካይነር ፋሌፋ ሆም ሊደርስ ለጥቂት ተቀደመ። በ11ኛው ዙር ዊል ስሚዝ (ተዋናዩ አይደለም) ሆምረን መታ፤ 5 ለ 4 አለቀ።

ሰኞ ሥራ ቦታ ሰላምታ የሚባል ነገር የለም። ሰዉ ሁሉ በሁለት ጣቱ እየለካ «ካይነር ፋሌፋ ይቺን ታህል ቀደም ብሎ ቢነሳስ?» ይባባላል።